የግልገል አሳማ መኖና የአሚኖ አሲዶች ታሪክ

መኖ በተጨመረ ቁጥር ሥጋም ይጨምራል የሚለው እምነት በእንስሳት አርቢዎች ዘንድ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ በሃያኛው መቶ ዓመት የተካሄደው ምርምር፣ ጡንቻ የሚገነባው በመኖው ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባሉት አሚኖ አሲዶች መመጣጠን ጭምር መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ አይጥ ተነሥቶ ወደ አሳማ ጋጣ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካ እንዴት እንደተሸጋገረ መመልከት ለማንኛውም የሙያ ሰው ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1914 ቶማስ ኦስቦርንና ላፋዬት ሜንዴል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ፣ ከፕሮቲን ወገን ከበቆሎ የወጣውን ዜይን ብቻ የያዘ ምግብ ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ከሱ። ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመርላቸው ክብደታቸውን ጠበቁ እንጂ አላደጉም፤ ላይሲን ሲታከልበት ግን ማደግ ጀመሩ። ሕይወትን ማቆየትና አካልን ማሳደግ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው በዚህ ታወቀ። በ1935 ደግሞ ዊልያም ሮዝ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ትሪዮኒንን አገኙ። ከዚያ በኋላ በፕሮቲን ፈንታ ንጹሕ አሚኖ አሲዶችን በልክ ቀላቅሎ እንስሳ መመገብና የእያንዳንዱን አስፈላጊነት ለይቶ መመርመር ተቻለ።

ጉዳዩ በተለይ ለግልገል አሳማ አሳሳቢ ነበር። ጡት የጣለ ግልገል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክብደቱን በእጥፍ ያሳድጋል፤ በሰውነቱ ከሚጨመረው ፕሮቲንም ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ጡንቻ ነው። የጡንቻው ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲዶችን በተወሰነ ተራ እየቀጣጠለ ስለሆነ፣ አንዱ ሲጎድል ሥራው ይገታል። የተረፉትም ለሌላ ጊዜ አይከማቹም፤ ጉበት ናይትሮጂናቸውን ወደ ዩሪያ ይለውጠውና በሽንት ይወገዳል። የግልገሉ መኖ ከ1 በመቶ በላይ ላይሲን ሊኖረው ሲገባ፣ በቆሎ ያለው ግን ከ0.3 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ አርቢው ጉድለቱን በአኩሪ አተር ፋጉሎና በዓሣ ዱቄት ይሞላ ነበር፤ ይኸውም አንዱን ላይሲን ለማግኘት ሲል ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ከመጠን በላይ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ መፍትሔ ከጃፓን መጣ። በ1956 የኪዮዋ ሃኮ ኩባንያ ተመራማሪ ሹኩኦ ኪኖሺታና ባልደረቦቻቸው ግሉታሚክ አሲድ የሚያመነጭ ባክቴሪያ አገኙ፤ በ1958 ደግሞ ከዚሁ ባክቴሪያ በተገኘ የተለወጠ ዘር ላይሲን ማምረት እንደሚቻል አስታወቁ። በትልልቅ ጋኖች ውስጥ፣ አየሩንና ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ፣ ስኳርን በባክቴሪያ አብላልቶ ላይሲን ማውጣት የመሐንዲሶች ሥራ ሆነ። በ1981 የብሪታንያ የእርሻ ምርምር ምክር ቤት ላይሲንን 100 ብሎ የሌሎቹን መጠን ከእርሱ አንጻር የሚወስን «የተመጣጠነ ፕሮቲን» መለኪያ ለአሳማ አወጣ። በዚህ መሠረት ከመኖው ክብደት ውስጥ የፕሮቲን ድርሻ በ1 በመቶ ተቀንሶ፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 19 በመቶ ወርዶ፣ የጎደሉት አሚኖ አሲዶች ብቻ ቢሟሉ፣ የግልገሉ ዕድገት ሳይጓደል ከሰውነቱ የሚወጣው ናይትሮጂን ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ትርፉ ለአርቢው ኪስ ብቻ ሳይሆን ለአፈርና ለውሃም ነው።

ሌላው መንገድ እህሉን ራሱን መመርመር ነበር። በ1964 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ኤድዊን መርትዝና ባልደረቦቻቸው «ኦፔክ 2» የተባለው የበቆሎ ዓይነት ላይሲኑ እጅግ የላቀ መሆኑን ገለጹ፤ ይህን በቆሎ የተመገቡ ግልገል አሳማዎችም የተለመደውን ከተመገቡት ይበልጥ አደጉ። ፍለጋው ወደ ማሽላ ሲዞር፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል በ1973 ላይሲናቸው ከፍ ያለ ሁለት ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ነበሩ። ፍሬያቸው ጭምድድ ያለ በመሆኑ ክብደቱ አነስተኛ ነው። የወሎ ገበሬ ግን ይህን የመሰለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞ፣ እሸቱን እየጠበሰ ሲበላ ኖሯል። ምርትን በኩንታል ብቻ የሚመዝን ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ፣ ይህ ዘር ላይሲኑ ሳይታወቅ ገና ድሮ በተጣለ ነበር።