ፍሬኑ ሲጮህ ማን ይሰማል?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1888 ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ለካርል ሳትነግረው፣ እሱ በሠራው ባለ ሦስት እግር መኪና ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ተነሣች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእንጨቱ ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እየተበላ አልይዝ ሲላት ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። የመኪና ፍሬን ሸራ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፤ ፍሬኑ ማለቁን የነገራት መሣሪያ የለም። ያወቀችው ራሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ ለፍሬን የሚሆን ሸራ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የተሸመነ ጥጥ፣ ቆይቶም አስቤስቶስ ሆነ። ሸራው ዕድሜው ረዘመ፤ ግን ታምቡር ውስጥ ገብቶ ከዓይን ተሰወረ። ጎማ ካልተፈታ ማንም አያየውም። ሲያልቅ የሚናገሩት ሸራውን የያዙት ሪቬቶች ነበሩ፤ ታምቡሩን እየፋቁ ይጮኻሉ። ያ ድምፅ ሲሰማ ግን ጉዳቱ ደርሷል፤ ታምቡሩ ተቧጥጧል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። የዲስክ ፍሬን ሲስፋፋ ሸራው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ተገጠመች። ሸራው ሊያልቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን ትነካና ታፏጫለች። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ጩኸቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፍሬኑ ከመጥፋቱ በፊት ይጮኻል።

ቀጥሎ ሽቦ መጣ። ሸራው ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ሽቦ ሸራው ሲሳሳ አብሮ ተበልቶ ይቆረጣል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ከዚህ አልፈው የአሽከርካሪውን የፍሬን አጠቃቀም እያሰሉ ሸራው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው ይገምታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ቤርታ ቤንዝ የምታውቀውን ዛሬ መኪናው ያውቃል፤ አሽከርካሪው የሚያውቀው መብራቱን ብቻ ነው። መብራት ደግሞ ችግሩ ሳይፈታም ሊጠፋ ይችላል። የተቆረጠውን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ማያያዝ ለብዙ ጋራዥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሴንሰር በሌላቸው መኪኖችም ሸራው ሲሳሳ የፍሬን ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ይልና ቀዩ መብራት ይበራል። ዘይት ሲጨመር መብራቱ ይጠፋል፤ ሸራው ግን ያው ያለቀው ነው። ርካሽ ሸራዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ያቺ የብረት ምላስ እንኳ የላቸውም።

ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሾፌር ይህ ተራ ነገር አይደለም። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያለው በፊቱ ነው። ተሳፋሪው ደግሞ መብራቱ በጥገና ይጥፋ በሽቦ ማያያዝ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እነዚህ መኪኖች ፍጥነት የሚቀንሱት በአብዛኛው በሞተራቸው ነው፤ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሱታል። ሸራው እምብዛም ስለማይሠራ ዓመታት ይቆያል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የማይሠራ ፍሬን ይዝጋል፣ ይጣበቃል። ሴንሰሩ የሚለካው ውፍረት ብቻ ስለሆነ ሸራው እስካልሳሳ ድረስ ዝም ይላል።

ከ130 ዓመት በላይ የሄደው ይህ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ ማስጠንቀቂያ የሚናገረው እንዲናገር የተሠራለትን ብቻ ነው። መብራት አለመብራቱ ፍሬን አለ ማለት አይደለም። ጎማ አስፈትቶ በዓይን ማየት ዛሬም አልተሻረም።