በአዘና ቃላት መካከል፦ የአውኚና የአማርኛ ዝምድናና ጉርብትና

አዘና አዊ ከሚባሉት ከሰባት ቤት አገው የአንዱ ስም ነው። በአዊ ትውፊት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከልና ዚገም ወንድማማቾች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሰፈሩበት ምድር በስማቸው ተጠራ። ስለዚህ በዚህ አገር የአባት፣ የወገንና የቦታ ስም በአንድ ቃል ይገናኛሉ፤ «አዘና» ሲባል የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ከአጠገቡ ያለው ንግግር ነው።

የአዊ ቋንቋ አውኚም የራሱ ወንድሞች አሉት። በከረን አካባቢ ብሊን፣ በዋግ ኽምጣንጋ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ቅማንትኛ ይነገራሉ፤ አውኚን ጨምሮ አራቱም ከአንድ የአገው ልሳን የወጡ ናቸው። በእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ብዙ የቀን መንገድና ብዙ መቶ ዓመት ቢያልፍም ዝምድናቸው አልጠፋም። ደም በብሊንና በቅማንትኛ «ብር»፣ በአውኚ «ብሪ» ነው። እሳት በአውኚ «ለግ» ሲሆን በቅማንትኛ «ለይ» ሆኗል። ይህን መሰሉ ልዩነት በብዙ ቃላት በሥርዓት ስለሚደጋገም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን አይችልም። የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ከአማርኛ ጋር ያለው ግንኙነት ግን የጉርብትና ነው፤ ጥልቀቱም ከተዋዋሷቸው ቃላት ያልፋል። ግእዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል ቤቱን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «የንጉሥ ቤት» ይላል፣ አውኚም ባለቤቱን ያስቀድማል። «ቤተ ክርስቲያን» የመሳሰሉት የግእዝን ሥርዓት እንደ ያዙ በአማርኛ መሐል የቀሩ ናቸው። «ቤተ ክርስቲያን» የመሳሰሉት የግእዝን ሥርዓት እንደ ያዙ በአማርኛ መሐል የቀሩ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው «ማለት» የሚለው ግስ ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ሲባል ምንም የተናገረ ሰው የለም፤ «አለ» የመናገር ትርጉሙን ትቶ ድርጊት ማሰሪያ ሆኗል። ይህ አነጋገር በአገውና በሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች የተለመደ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያሉትን ጠባዮች የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ካሳደሩት ተጽዕኖ ጋር አያይዟቸዋል። አገው ተናጋሪዎች አማርኛን ሲለምዱ የአፋቸውን ሥርዓት ይዘው ገቡ ማለት ነው፤ አማርኛን ያለ አገው ታሪክ መረዳት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

የአገው ቋንቋዎች በጽሑፍ የተመዘገቡት ዘግይተው ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ መኃልየ መኃልይንም በአማርኛ፣ በዳሞት አገው (በአውኚ)፣ በጋፋትና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች አስጽፎ ይዞ ሄደ። ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በጎጃም ተዘዋውሮ የአገው ምድርን ቃላት ሰበሰበ፤ ሮበርት ሄትዝሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የአውኚን የግስ ሥርዓት አሳተመ። ብሩስ ያስጻፈባቸው ቋንቋዎች ዕጣ ፈንታ ግን አንድ አልሆነም። ጋፋትኛ ጠፍቷል፤ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲደርስ ያገኘው ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ ነበር፣ ብሩስ ያስጻፈውም ቅጂ ከቀሩት ዋና ምስክሮች አንዱ ሆነ። አውኚ ግን ዛሬም የገበያና የቤት መነጋገሪያ ነው፤ በአዊ ትምህርት ቤቶችም ሕፃናት በፊደል ይማሩበታል፣ በአማርኛ ለሌለው ከአፍንጫ ለሚወጣው ድምፁም የተለየ ምልክት ተጨምሮለታል።