ስለ ደካማዪቱ እጅ

ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚታየው የይፋት ቈላ ከጥንት ጀምሮ ጥጥ የሚበቅልበት አገር ነው። ጥጥ አባዝቶ እንዝርት ማሾር ጣቶች ሁሉ ተስማምተው የሚፈጽሙት ሙያ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ጣቱን መዘርጋት ይቸግረዋል። ጉዳቱ ያለው በእጁ ሳይሆን እጁን በሚያዝዘው አንጎል ነውና።

ይህን ሕመም በፈረንጆች 1861 ዓ.ም. ለለንደን ሐኪሞች ያስረዳው ዊልያም ሊትል፣ ራሱም በልጅነቱ እግሩ የተጣመመበት ሰው፣ መነሻው የምጥ ችግር ነው አለ፤ ፍሮይድ ደግሞ በ1897 ሕመሙ ከማሕፀን ሊጀምር ይችላል ሲል ጻፈ። በአገራችንም በፈረንጆች 1962 ዓ.ም. በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ማእከል በመጀመሪያ የደከመው በፖሊዮ የተጎዱትን ሕፃናት በእግራቸው ለማቆም ነበር። የእግር ጉድለት ለሁሉ ስለሚታይ ይመስለኛል ብዙው ሐሳብ ወደ እግር ያዘነበለው፤ እጅማ በነጠላ ሥር ይሸሸጋል።

የዛሬ ሐኪሞች እጅ የሚበረታው በሥራ ነው ይላሉ። ስለዚህ አንድ ወገኑ የደከመበትን ሕፃን፣ በባለሙያ ምክር፣ ጤነኛ እጁን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍነው ደካማዪቱን ያሠሯታል። ለዚህም ሁልጊዜ ልዩ መሣሪያ አያሻም፤ ሊጥ መለወስ፣ ባዘቶ መሳብ፣ ሽምብራ ከሰፌድ መልቀም ይጠቅማል። እናት ከፍቅር ብዛት ልጇን ራሷ ስታጎርሰው ግን ያች እጅ ሥራ ፈታ ትውላለች።