ለዘብተኛ ክረምትና የአእዋፍ ክትትል በብሪታንያ

ለዘብተኛ ክረምት ማለት ሙቀቱ ከረጅም ዓመታት አማካይ ከፍ ብሎ ውርጭና በረዶ የሚያንስበት የብርድ ወቅት ነው። እዚህ ላይ ክረምት የተባለው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ነው፤ በኢትዮጵያ እነዚህ ወራት በጋ ናቸው። በብሪታንያ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ሞቃቱ ዲሴምበር የ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን አማካይ ሙቀቱ 7.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር።

እንዲህ ያለ ክረምት ለትናንሽ ወፎች ብዙውን ጊዜ በጎ ነው። ሬን የምትባለው ቡናማ ወፍ ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ረጅሙን ሌሊት በሕይወት ለማለፍ ቀኑን ሙሉ ነፍሳትን ስትለቅም መዋል አለባት። ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን የምትለቅመው ታጣለች። እጅግ ከባድ በነበረው የ1962–63 ክረምት የሬን ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር።

ለቆጣሪዎች ግን ለዘብተኛ ክረምት አሳሳች ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዩዋሪ መጨረሻ የጓሮ ወፎች ቆጠራ ያካሂዳል። ተሳታፊው ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ከየዝርያው በአንድ ጊዜ አብረው ያያቸውን ከፍተኛ ቁጥር ይመዘግባል፤ በሰዓቱ ውስጥ የመጡትን ሁሉ አይደምርም፣ ያው ወፍ ደጋግሞ ሊመጣ ይችላልና። አየሩ ሲለዝብ በጫካና በእርሻ ምግብ ስለሚገኝ ወፎች ወደ ጓሮ የሚመጡት ያነሰ ነው። ስለዚህ የጓሮው ጭር ማለት ብቻውን ወፎቹ አለቁ አያሰኝም።

የቀረ የሚመስል ወፍም ሁልጊዜ የአገሩ ወፍ አይደለም። ብላክካፕ የተባለችው ዘማሪ ወፍ (ወንዱ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል) በብሪታንያ ጓሮዎች በክረምት ትታያለች። እግራቸው ላይ ቀለበት በታሰረላቸው ወፎች እንደተረጋገጠው ግን የክረምቶቹ በአብዛኛው ከመካከለኛው አውሮፓ የሚመጡ ናቸው፤ በብሪታንያ የተፈለፈሉት አብዛኞቹ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው በቢዊክ ስዋን ላይ ነው። ይህ ነጭ የውኃ ወፍ በሩሲያ አርክቲክ ይራባል፤ ክረምቱን በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ያሳልፋል። ፒተር ስኮት ከ1964 ጀምሮ በስሊምብሪጅ እያንዳንዱን ስዋን በመንቁሩ ቢጫና ጥቁር ቅርጽ እየለየ ይመዘግብ ነበር። ክረምቱ እየለዘበ ሲሄድ ብዙዎቹ ስዋኖች እንግሊዝ ድረስ መምጣት ትተው በኔዘርላንድስና በጀርመን መቅረት ጀመሩ። በእንግሊዝ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህንን ከሞት መለየት አይችልም። በብዙ አገሮች በአንድ ወቅት የተደረገው ቆጠራ ግን ሁለቱም መኖራቸውን አሳየ፤ ወፎቹ ቦታ ከመቀየራቸው በተጨማሪ ጠቅላላ ቁጥራቸው በ1995 ከነበረው 29,000 ገደማ በ2010 ወደ 18,000 ገደማ ወርዷል።

ከአጥቢዎች መካከል የሌሊት ወፎች በሞቃት ምሽት ከክረምት እንቅልፋቸው ነቅተው ሲበሩ ይታያሉ። ነፍሳት ካላገኙ ያከማቹትን ስብ በከንቱ ይጨርሳሉ። በስኮትላንድ ተራሮች የምትኖረው ጥንቸል ደግሞ በክረምት ጠጉሯን ወደ ነጭ ትለውጣለች። በረዶው የሚቆይባቸው ቀናት ቢያንሱም ጠጉሯን የምትቀይርበት ጊዜ አብሮ አልተለወጠም፤ በረዶ በሌለበት ቡናማ ተረተር ላይ ነጭ ሆና ስትቀመጥ ለሰው ዓይን በቀላሉ ትታያለች፣ ለንስርም እንዲሁ።