ፍተሻ ወይስ ኃይል? ከባሌ ጠመንጃ እስከ ኢራን ዩራኒየም

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 እስራኤልና አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ተቋማት በቦምብ ሲደበድቡ አንድ የቆየ ክርክር ዳግም ተቀሰቀሰ። አደገኛ መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያደርገው ተቆጣጣሪ ነው ወይስ የጦር አውሮፕላን? ጥያቄው ለእኛ አገር አንባቢ የሩቅ ይመስላል። ሆኖም ከጎባና ከሮቤ ደጋ ቁልቁል እስከ ደሎ ቆላ ያለው አገር በ1950ዎቹ ይህንኑ ጥያቄ በጠመንጃ ደረጃ አይቶታል። አቶምና ጠመንጃ በእርግጥ አይወዳደሩም። ባለመሣሪያው ምን ሲሆን መሣሪያውን ይተዋል የሚለው ጥያቄ ግን ለሁለቱም ይነሳል።

የባሌ አመፅ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዘልቋል። መነሻው በዋናነት የመሬት ልኬት፣ የግብር ጫናና የአስተዳደር በደል ነበር። ግብር መክፈል ያቃተው ባላገር መሬቱን ለሌላ ተነጥቆ ማየቱ ቁጣውን አባባሰው። ዋቆ ጉቱና ሌሎች መሪዎች መሣሪያ የሚያገኙት ከሶማሊያ ነበር። መዲናው ጎባ የነበረው የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ነጭ ለባሽ አዘመተ፤ አውሮፕላንም ተጨመረ። ያም ሆኖ ዘመቻው ለዓመታት ጠመንጃውን አላስጣለም። እኔ እንደምረዳው ነገሩን የለወጡት ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥልጣን የያዘው የኢጋል መንግሥት ከአዲስ አበባ ጋር መቀራረቡና የመሣሪያው ምንጭ መድረቁ ነው። ሁለተኛው ምሕረት ነው። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ ተከብበው እጃቸውን ሲሰጡ ምሕረት ተደረገላቸው። እዚህ ላይ የኃይል ደጋፊዎች «ባይከበቡስ ኖሮ?» ብለው ቢጠይቁኝ ጥያቄያቸውን ተገቢ እላለሁ። ነገር ግን የመሬቱ ጉዳይ እስከ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ሳይነካ ቆየ። ከዚያም በሶማሊያ ወረራ ዘመን መሣሪያው በገፍ ተመለሰ፤ ዋቆ ጉቱም እንደገና ጫካ ገቡ።

ወደ ኑክሌሩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ የሒሳብ ምርመራ ነው። አገሩ ይህን ያህል ኪሎ ዩራኒየም አለኝ ብሎ ያስመዘግባል፤ ተቆጣጣሪው ይመዝናል፣ ያሽጋል፣ ካሜራ ይተክላል፣ ከግድግዳና ከዕቃ ላይ አቧራ ጠርጎ ላቦራቶሪ ይልካል። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ያልተመዘገበውን ቦታ ለማየት ተጨማሪ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ለዚህም ሲባል እ.ኤ.አ. በ1997 ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተዘጋጀ፤ የሚገዛው ግን የተቀበለውን አገር ብቻ ነው።

ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ የምትሆነው ኢራቅ ናት። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1981 የኦሲራክን ሪአክተር አወደመች። ሪአክተሩ በኤጀንሲው ቁጥጥር ሥር የነበረ ሲሆን፣ ከድብደባው በኋላ የሳዳም መንግሥት ፕሮግራሙን በድብቅ አስፋፋው። ያንን ድብቅ ፕሮግራም ያፈራረሱት ከ1991 ጦርነት በኋላ የገቡት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። መግቢያውን የከፈተላቸው ግን ጦርነቱ መሆኑን መካድ አይቻልም። በመጋቢት 2003 የኤጀንሲው ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ የኑክሌር ፕሮግራሙ ለማንሰራራቱ ማስረጃ እንዳላገኙ ለፀጥታው ምክር ቤት አስረዱ። ከሁለት ሳምንት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ወረራው ተጀመረ፤ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አልተገኘም። እንደ ሕግ ሰው ይህንን ሳስበው፣ ምርመራው ሳያልቅ ፍርዱ የተፈጸመበት መዝገብ ይመስለኛል።

ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምቦቿን ራሷ አፍርሳ፣ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ አድርጋ፣ ኤጀንሲው መዝገቧን እንዲመረምር ፈቅዳለች። ማንም አልደበደባትም፤ መሣሪያው ከጥቅሙ ይልቅ ሸክሙ ስለከበደ ነው። በተቃራኒው ሰሜን ኮሪያ በ2002 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹን አባረረች፣ በ2006 ቦምብ ሞከረች። ፍተሻ ብቻውን በቂ ነው ለሚል ሰው ይህ መራራ ምሳሌ ነው።

ኢራን በ2015ቱ ስምምነት ማበልጸጓን በ3.67 በመቶ ወስና በተጠናከረ ቁጥጥር ሥር ገብታ ነበር። አሜሪካ በ2018 ስምምነቱን ጥላ ወጣች፤ ኢራን በ2021 እስከ 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች። ከ2025ቱ ድብደባ በኋላ ደግሞ ከኤጀንሲው ጋር ያላትን ትብብር የሚያቋርጥ ሕግ አወጣች። ሕንፃው ፈረሰ፤ ዩራኒየሙ የት እንዳለ የሚያይ ዓይን ግን አብሮ ተዘጋ። በእኔ ግምት የኃይል ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

ሆኖም ቁጥጥር የሌለው ውል ምን እንደሆነ ኢትዮጵያዊ ሊነገረው አይገባም። ጣሊያን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ሳለ በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንባለች። ፕሮቶኮሉ መርማሪም ቅጣትም አልነበረውም።

የአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተመሠረተው በምዝገባና በፈቃድ ላይ ነው፤ ማለትም የፍተሻውን መንገድ መርጧል። የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ግን ከመጣበት አገር ጥቅም ነፃ እንዲሆን ይጠበቃል። ጠመንጃ መዝጋቢው የወረዳ ሹም ሲሆን፣ ገበሬው «የእኔን ከመዘገብክ በኋላ የጎረቤቴንስ ማን ይመዘግባል? ሌሊት ሲመጣብኝስ ማን ይደርስልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። አዋጁን ሊያስፈጽም የሚወጣ ባለሥልጣን መጀመሪያ ለዚህ መልስ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።