ጠባቂ ያጣው የቶኮዋ ግድብ

በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ ቶኮዋ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ 57 ሜትር ያህል ቁልቁል ከሚወረወረው ፏፏቴ በላይ፣ ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ነበረ። ጥንተ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1899 ይጀምራል፤ በዚያን ዘመን ለአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ እንዲያቁር ተብሎ፣ ግንድ በግንድ ላይ ተነባብሮ ሆዱ በድንጋይ የተሞላ ዝቅተኛ መከተሪያ ተሠራ። ኋላም ከፏፏቴው በታች የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ መጨረሻ አፈር ደልድሎበት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህም ደግሞ ከፍ እየተደረገ፣ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ደረሰ።

በ1957 ማመንጫው ሥራውን ሲያቆም ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። በእኔ አስተያየት የመከራው ሥር የተተከለው ያን ጊዜ ነው፤ መዘውር የሚያዞር ውሃ ቢጎድል በዚያው ቀን መብራቱ ይደክማልና ባለቤቱ ወጥቶ ግድቡን ማየቱ የማይቀር ሲሆን፣ ለዓይን ደስታ ብቻ የተኛ ሐይቅ ግን ዳርቻው እስካማረ ድረስ ከግርጌው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅለት ዐቃቢ አያገኝም። በግድቡ በስተታች ባለው ተዳፋት ላይ ጥዶች በቅለው ረዘሙ። ዛፍ በአፈር ግድብ ላይ ሲያዩት ግርማ አለው፤ ነገር ግን ሥሩ ሞቶ ሲበሰብስ ለውሃ የተዘጋጀ መንገድ በአፈሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ተዳፋቱም ከሚገባው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበርና፣ በ1973 በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከፊሉ ተንዶ ይታያል።

በ1977 ኖቬምበር 6 ቀን፣ ብርቱ ዝናም ከጣለ በኋላ፣ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ግድቡ ፈረሰ፤ ውሃውም በፏፏቴው ላይ ወርዶ፣ ባለትዳር ተማሪዎች ከልጆቻቸው ጋር በተኙባቸው ተንቀሳቃሽ ቤቶች ላይ ደረሰ። 39 ነፍስ ጠፋ፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ።

ምክንያተ ውድቀቱን የመረመሩት የመንግሥት ባለሙያዎች ብቻውን የሚበቃ አንድ ሰበብ አላገኙም፤ የተዳፋቱ መናድና ውሃው ከውስጥ አፈሩን እየሸረሸረ መውጣቱ ተባብረው ሳይሆን አይቀርም አሉ። ቀድሞ የጆርጂያ ገዥ የነበሩት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ቢፈርሱ ሰው የሚፈጁትን የፌዴራል ያልሆኑ ግድቦች የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እንዲመረምሩ አዘዙ፤ እስከ 1981 ከታዩት 8,800 ያህል ግድቦች ሲሶው ለአደጋ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ጆርጂያም በ1978 የግድቦች ደኅንነት ሕግ አወጣች።

የእንዲህ ያለ አሮጌ የመዝናኛ ግድብ ጥበቃ ትሕትና የሚጠይቅ ሥራ ነው። ባለቤቱ ችግኙን ዛፍ ሳይሆን ይነቅላል፣ ሣሩን ያጭዳል፣ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻውን ከግንድና ከቅጠል ያጸዳል፤ ዝናም ባባራ ቁጥርም በግርጌው እየተራመደ የሚያዠውን ውሃ ያያል። የጠራ እንደ ሆነ መጠኑን ለክቶ በመዝገብ ይጽፋል፤ የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን ውሃው የግድቡን ሆድ ይዞ እየወጣ ነውና፣ መሐንዲስ ጠርቶ ሐይቁን ማጉደልና ከሸለቆው በታች የሚኖሩትን ሰዎች ሳይመሽ ማስነሣት ይገባዋል።