የብንያም እግር፣ የንፍታሌም ዙር

በቺርሊዲንግ ወደ ላይ የምትወጣዋ ልጅ «ፍላየር» ናት፤ ከሥር የሚሸከሟት «ቤዝ» ይባላሉ። ፍላየሯ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር ትለያለች፦ በየትኛው እግሯ እንደምትቆምና ወደ የትኛው ጎን እንደምትዞር። በብዙ ቡድን «ቀኝ» ሲባል የተነሣው እግር ሳይሆን የቆመው ነው።

«ቤዝ» የግሪኩ ባሲስ ነው፤ መጀመሪያ እርምጃ፣ ኋላ መቆሚያ ማለት ሆነ። ግንዱ ባይኖ፣ «እሄዳለሁ»። ንቅንቅ ማለት የማይገባት ልጅ ስሟን ያገኘችው ከመሄድ ነው! የእኛው ቆመ ይበልጥ ይስማማታል፤ ቁመት፣ አቋም፣ መቋሚያ ከእሱው ወጥተዋል። የማኅሌቱ አቋቋምም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ ሊቃውንቱ እንደ ግንድ ቆመው ባይቀሩ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ቢወዛወዙ።

በአንድ እግር ቆሞ የሌላውን ጉልበት ማጠፍ «ሊበርቲ» ይባላል። ስሙ በ1886 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ከተመረቀችው ችቦ ያዥ ሐውልት የተወሰደ ነው።

ወደ ቀኝ እንምጣ። ግእዝ ቀኙን የማን፣ ግራውን ፀጋም ይላል። ትግርኛ ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል፤ አማርኛ በቀኝና በግራ ተክቷቸው ቀኛዝማችና ግራዝማችን ሾመባቸው። ዕብራይስጡ ያሚን፣ ዐረብኛው የሚን ነው። ፊትን ወደ ምሥራቅ ላዞረ ሰው ቀኙ ደቡብ ነውና የመንም ስሟ ከዚያው ነው። ያዕቆብ የመጨረሻ ልጁን ቢንያሚን፣ «የቀኝ ልጅ» አለው፤ የእኛው ብንያም። ታሪክ ግን ቀልደኛ ነው፦ መጽሐፈ መሳፍንት ከዚሁ ከቀኝ ልጅ ነገድ 700 የተመረጡ ግራኞች ይቆጥራል። ከነገዱ የወጣው መስፍኑ ናዖድም ግራኝ ነበር።

ዙሩ ደግሞ «ትዊስት» ነው። በሥሩ «ቱ»፣ ሁለት፣ ተደብቆበታል፤ ሁለት ክር አንድ ላይ ሲከርር ማለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ካንደልትዊስት የሻማ ክር ነበር የሚሉ አሉ። በጀርመንኛ ግን ሁለትነቱ ወደ ጠብ አዘንብሎ ጽቪስት ሆነ፣ ንትርክ።

አሁን ግእዙን ፈተለ እንያዝ። ፈትል ከእሱ ነው፤ ዕብራይስጡ ፓቲል፣ ክር፤ ዐረብኛው ፈቲላ፣ የመብራት ክር። እንግሊዝኛም ሴማዊውም ከማክረር ተነሥተው መብራት ላይ ተገናኙ። ይህ ብቻ አይደለም፦ ራሔል ከእኅቷ ጋር ታገልኩ ብላ የአገልጋይዋን የባላን ልጅ ናፍታሊ አለችው፤ ስሙ ከዚሁ ከፈተለ ዘር ነው፤ እኛ ንፍታሌም የምንለው። ክርን ያከረረ ሥር ጠብንም አከረረ፣ እንደ ጽቪስት። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ሲሄዱ ማየት ለእኔ ከመዋዋስ ሁሉ ይጥማል።

እንግዲህ ፍላየሯ በብንያም ቆማ በንፍታሌም ትወርዳለች። «ፉል ዳውን» አንድ ሙሉ ዙር፣ «ደብል ዳውን» ሁለት ዙር ተሽከርክሮ ቤዞች ክንድ ላይ መውደቅ ነው። እግሩና ዙሩ ግን ለየብቻ ይመረጣሉ፤ በቀኝ መቆም ወደ ቀኝ ለመዞር አያስገድድም። የዙሩን አቅጣጫ ቤዞቹም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል፤ እግሯን የሚለቁት፣ የሚቀበሏትም እነሱ ናቸው። ደግሞም አንድ እግር ብቻ ለምዶ መቅረት አያዋጣም፤ አየር ላይ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚቀየርበት ትርኢት አለ። ስሙ «ቲክ ቶክ» ነው፤ ሥር አትፈልጉለት፣ የሰዓት ድምፅ ነው።